ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አሮጌ የናፍታ መኪና ነው። ናፍታው ከታንኩ ተነስቶ ሞተሩ ውስጥ እስኪረጭ ድረስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ምን እንደሚያጋጥመው፣ ብልሽቱንም ባለቤቱ ወይም ሾፌሩ ራሱ እንዴት ተከታትሎ ሊያገኘው እንደሚችል እናያለን።

(ድምፅ፦ ሞተሪኖ ለረጅም ጊዜ ያዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም፤ ጸጥታ)

ይህን ድምፅ የናፍታ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተሪኖው በጉልበት ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳ ይላል። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ፣ ገና ኮፈኑ ሲከፈት የሚሰጥ ፍርድ አለ፦ "ፖምፓው ነው!" ፖምፓው ይፈታል፣ ፖምፓና ኖዝል ወደሚሠሩ ባለሙያዎች ይላካል፣ ብዙ ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ተመልሶ ይገጠማል። በማግስቱ ጠዋት ያው ድምፅ ይደገማል። ኋላ ሲገኝ ጥፋቱ ታንኩ አጠገብ ያለች፣ በዕድሜ ብዛት የተሰነጠቀች አጭር የጎማ ቱቦ ሆና ትገኛለች። ይህ በየጋራዡ የሚደጋገም ነገር ነው፤ በጣምም ያስቆጨኛል። የቱቦዋ ዋጋ ለፖምፓው ከተከፈለው ጋር ከቶ አይወዳደርም። ከገንዘቡም በላይ፣ ሳያስፈልገው የተከፈተ ፖምፓ አቧራና እርጥበት ገብቶበት እውነተኛ ችግር ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አንድ ነው፦ ፍተሻውን ከታንኩ ጀምሩ፤ ፖምፓው የመጨረሻው ይሁን።

የምናገረው ስለ የትኛው መኪና እንደሆነ ላስቀድም። ኮመን ሬል ስላልሆነው፣ ኮምፒውተር ስለማያዘው፣ ፖምፓው በሜካኒካል መንገድ ብቻ ስለሚሠራው የናፍታ መኪና ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ያላቸው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖችና ሃይኤስ ሚኒባሶች፣ እንዲሁም ባለ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የሆነው 1ኤችዜድ ሞተር የተገጠመለት ላንድክሩዘር ዛሬም በከተማም በገጠርም ሥራ ላይ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና በወጉ ጠግኖ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

እስቲ መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እንይ፤ ይህ ከገባን የቀረው ፍተሻ ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በናፍታ ሞተር ብልጭታ የለም። ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር ይታመቃል፤ በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ከ22 እጥፍ በላይ ነው የሚታመቀው። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍታ በኃይል ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። የሚረጨው ኖዝሉ ነው፤ ኖዝሉ እንዲከፈት ደግሞ ወደ 150 ባር የሚጠጋ ግፊት ያስፈልጋል። የመኪናችሁ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ወይም 3 ባር ቢሆን ነው። ያንን ከፍተኛ ግፊት የሚፈጥረው ፖምፓው ነው።

ታዲያ ናፍታ በፖምፓው ሲገፋ አይጨመቅም፣ ስለዚህ ግፊቱን ይዞ ኖዝሉን ይከፍታል። አየር ግን ይጨመቃል። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ ፖምፓው በገፋ ቁጥር አየሩ እየተጨመቀና እየተመለሰ ግፊቱን ይበላዋል፤ ኖዝሉም ሳይከፈት ይቀራል። ፖምፓው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሞተ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ናፍታውን ከታንክ ድረስ የሚስበው ራሱ ፖምፓው ነው፤ በውስጡ የምትሽከረከር ትንሽ መሳቢያ አለችው። እንደ ብዙ የጭነት መኪናዎች ናፍታ እየገፋች የምታቀብለው ሌላ ፖምፓ በመንገዱ ላይ የለችም። እንግዲህ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለው ቱቦ በሙሉ በመሳብ ላይ ነው ያለው። እዚያ መስመር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብትኖር ሞተሩ ሲሠራ ናፍታ ወደ ውጪ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። በተቀደደ ስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ነው። "ምንም የሚያንጠባጥብ ነገር የለም፣ ቱቦው ደህና ነው" የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳሳተው ለዚህ ነው። ደረቅ ቱቦ ጤነኛ ቱቦ ነው ማለት አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

መኪናው አልነሳ ብሏል እንበል። ማንኛውንም ብሎን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር፣ እናንተ ከኋላ ቆማችሁ የጭስ ማውጫውን ተመልከቱ።

ሞተሪኖው እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍታው ደርሷል፣ እየተረጨም ነው፣ ግን አልተቀጣጠለም ማለት ነው። እዚህ ላይ የናፍታውን መስመር ትታችሁ ወደ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሂዱ። በብርድ ጠዋት ሞተሩን ለማስነሳት ሲሊንደሩን ቀድመው የሚያሞቁት እነሱ ናቸው። ማገናኛ ብረታቸውን አንሱና የቴስተር መብራት አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን እያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ላይ አድርጉ። መብራቱ ያልበራበት ካንዴላ ተቃጥሏል። ሁሉም ላይ ከበራ ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ እየደረሳቸው መሆኑን አረጋግጡ፤ ሪሌያቸው የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ካንዴላዎቹም ሪሌያቸውም ደህና ሆነው ነጭ ጭሱ ከቀጠለ የሞተሩ የመታመቅ አቅም ወይም የፖምፓው የመርጫ ጊዜ መታየት አለበት፤ ያ የመካኒክ ሥራ ነው።

ምንም ጭስ ካልወጣ ግን ናፍታው ኖዝሎቹ ጋ አልደረሰም። የዛሬው ርዕሳችን በዋናነት ይኸው ነው።

ከሁሉ በፊት የምትፈተሽ ቀላል ነገር አለች። ፖምፓው ላይ አንድ ሽቦ የሚገባባት፣ አጭር ሲሊንደር የምትመስል ነገር ታገኛላችሁ። ናፍታ የምትዘጋውና የምትከፍተው ሶሌኖይድ ናት። ቁልፉን ስትከፍቱ ኤሌክትሪክ ታገኝና መንገዱን ትከፍታለች፤ ስትዘጉት ትዘጋለች፤ የናፍታ ሞተር በቁልፍ የሚጠፋው በእሷ ነው። ጆሯችሁን አስጠግታችሁ አንድ ሰው ቁልፉን ይክፈት ይዝጋ። ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ሽቦዋ ተነቅሎ ወይም ዝጎ፣ ፊውዟም ተቃጥሎ እንደሆነ እዩ። በዚህች ሽቦ መላላት ብቻ የተጎተቱ መኪናዎች ጥቂት አይደሉም።

ጠቅ ካለች ወደ አየሩ እንሂድ።

አየር የሚስብ መኪና ጠባዩ የታወቀ ነው። ቀን ሲሠራ ይውላል፣ ሌሊት ሲያድር አየሩ ቀስ እያለ ይገባና ናፍታው ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ካዞረ በኋላ ነው የሚነሳው። ከተነሳ በኋላም ሚኒሞ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ችግሩ ይቀላል፣ ሲጎድል ይብሳል። ይህን ለማረጋገጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ማታ መኪናውን አፍንጫው ወደ ታች ሆኖ በቁልቁለት ላይ አሳድሩት፤ በእጅ ፍሬንና በማርሽ አስራችሁ፣ ጎማውንም በድንጋይ ደግፋችሁ ማለቴ ነው። ታንኩ ከፖምፓው ከፍ ስለሚል ናፍታው አይመለስም። በዚያ ጠዋት ያለ ችግር ከተነሳ፣ በሜዳ ወይም በዳገት ሲያድር ግን ካስቸገረ፣ ጥፋቱ የሳቢው መስመር ነው። ፖምፓችሁን ማንም አይንካው።

ቀዳዳው የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ውስጡ የሚታይ፣ ናፍታ የሚችል ቱቦ ግዙ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ አውልቃችሁ በእሱ ተኩት፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሼታ አጥብቁት፣ ሞተሩን አስነሱና ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ የሚያልፉ ጥቂት አረፋዎች ቱቦውን ስትፈቱ የገባ አየር ናቸው፤ ያልፋሉ። ሞተሩ ቆይቶም አረፋ መጉረፉ ካልቆመ ግን አየር እየገባ ነው። ቀጥሎ ቱቦውን ከፊልትሮው በፊት፣ ከታንኩ በሚመጣው በኩል አድርጉት። እዚህ ናፍታው ጥርት ብሎ ከታየ፣ ከፊልትሮው በኋላ ግን አረፋ ከነበረ፣ አየሩ የሚገባው በራሱ በፊልትሮው ቤት ነው። ከፊልትሮው በፊትም አረፋ ካለ ወደ ኋላ፣ ወደ ታንኩ ሂዱ። በዚህ መንገድ ቀዳዳውን እያጠበባችሁ ትደርሱበታላችሁ። ፍተሻው ሲያልቅ ትክክለኛውን የናፍታ ቱቦ መልሱ፤ የሚታየው ቱቦ በሙቀትና በናፍታ ብዛት ስለሚደርቅ ለዘለቄታው አይሆንም።

በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው ፊልትሮው ላይ ያለችው የእጅ ፖምፓ ናት። በመዳፍ የምትጫኑት ናፍታ መሳቢያ ማለቴ ነው። በውስጧ ያለው ጎማ በዕድሜ ይደርቅና አየር ያስገባል። ስትጫኗት ዙሪያዋ በናፍታ ከረጠበ ወይም ደጋግማችሁ ተጭናችሁ ካልጠነከረች እሷን ቀይሩ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የፊልትሮው ጎማ ነው። አዲስ ፊልትሮ ሲገጠም አሮጌው ጎማ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሁለት ጎማ ይደራረባል፤ ከውጪ ሲታይ የጠበቀ ይመስላል፣ አየር ግን ያስገባል። "ፊልትሮ ቀይሬ ነው ችግሩ የጀመረኝ" የሚል ሰው ካለ ቶሎ ይህን ይመልከት። አዲሱን ጎማ በንጹሕ ናፍታ አርጥቡት፣ በእጅ ብቻ አጥብቁት። በቁልፍ የጠበቀ ፊልትሮ ጎማው ይጎዳል።

አዲሱን ፊልትሮ ከውጪ ናፍታ ሞልቶ መግጠም በየቦታው የተለመደ ነው። እኔ ግን አልደግፈውም። ከጀሪካን የምትሞሉት ናፍታ ያልተጣራ ነው፤ በፊልትሮው መካከለኛ ቀዳዳ ከገባ ደግሞ ከማጣሪያው በኋላ ባለው ክፍል ስለሚቀመጥ ቆሻሻው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። ባዶውን ግጠሙና በእጅ ፖምፓው ሙሉት። ክንድ ያደክማል፤ ግን ፖምፓውን ያተርፋል።

በኖዝሎቹ ራስ ላይ የተዘረጋውን የመመለሻ ቱቦም እዩ። በአንዳንዱ መኪና የብረት ነው፣ በሌላው አጫጭር የጎማ ቱቦዎች ናቸው። ከረጠበ ወይም ከተሰነጠቀ ሌሊት በእሱም በኩል አየር ይገባል።

(አጭር ሙዚቃ)

ብዙ ጊዜ ከአድማጮች የምንሰማው ሌላ ችግር አለ። መኪናው በደንብ ይነሳል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር በጥሩ ሁኔታ ይሄዳል፣ ከዚያ ጉልበት ያጣል፣ ዳገት ላይ ጭራሽ ይቆማል። ሾፌሩ ዳር ይዞ ትንሽ ካረፈ በኋላ ሲያስነሳው ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና ይቆማል።

ይህ የታንክ ችግር ነው ብዬ በድፍረት እጀምራለሁ። ታንኩ ውስጥ ያለው የናፍታ መሳቢያ ጫፍ ላይ ወንፊት አለ። ዝገት፣ የጨርቅ ብጣሽ፣ ጭቃ ታንኩ ውስጥ ካለ ሞተሩ ሲስብ እየተሳበ መጥቶ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ሞተሩ ሲቆም መሳቡ ስለሚቆም ቆሻሻው ይለቅና ወደ ታች ይሰምጣል። መኪናው "አርፎ ተሻለው" የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ታንኩን አውርዶ ማጠብ ነው፤ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አያድንም።

ሌላው ምክንያት የታንኩ ክዳን ነው። ናፍታ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ለዚህ የተሠራች ጠባብ መተንፈሻ አለች። በአቧራ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ መሳብ ይፈጠርና ፖምፓው ናፍታ ማምጣት ያቅተዋል። መኪናው ሲቆም ወዲያው ክዳኑን ክፈቱት። እስስስ የሚል ድምፅ አየር ሲስብ ከተሰማና መኪናው ከዚያ በኋላ በደንብ ከሄደ ምክንያቱን አገኛችሁ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደውን ፍተሻ ልንገራችሁ፤ ክርክርን ሁሉ የሚቆርጥ ነው። ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ከታመነ ቦታ የተቀዳ ንጹሕ ናፍታ አድርጉ። ጀሪካኑን ከፖምፓው ከፍ አድርጋችሁ አስሩት፤ ከጋለው የጭስ ማውጫ በኩል ግን አርቁት። ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ከፊልትሮው አውልቃችሁ በአዲስ ቱቦ ከጀሪካኑ ጋር አገናኙት፣ የመመለሻውንም ቱቦ ወደዚያው ጀሪካን መልሱት። አሁን ታንኩ፣ ረጅሙ መስመርና ፊልትሮው በሙሉ ከጨዋታው ወጥተዋል። አየሩን አስወጡና አስነሱ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይም ነዳጅ ሲሰጠውም እንደ ድሮው ከሠራ ፖምፓችሁ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከኋላ ነው። በጀሪካኑም ያው ችግር ከቀጠለ ያን ጊዜ ስለ ፖምፓና ኖዝል መነጋገር ይቻላል። ጋራዥ ውስጥ "ፖምፓው ይፈታ" የሚላችሁ መካኒክ ካለ፣ በትሕትና "እስቲ መጀመሪያ በጀሪካን እንሞክረው" በሉት። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

አየር ስለማስወጣት ካነሳን፦ ናፍታው በፊልትሮው በኩል የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የእጅ ፖምፓዋን እስክትጠነክር ድረስ ተጫኑ። ሞተሩ አሁንም ካልተነሳ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ብሎን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ17 ቁልፍ፣ በኖዝሉ በኩል ትንሽ አላሉ። አንድ ሰው ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ያዙር፣ ሞተሪኖው እንዳይቃጠል አሳርፉት፣ እንደገና ያዙር። አረፋ የሌለው ናፍታ መውጣት ሲጀምር አጥብቁ። ብዙ ጊዜ ሁሉም ሳይጠብቁ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። አልነሳ ባለ ናፍታ ሞተር የአየር መሳቢያ ላይ በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ወይም ኤተር መርጨት አታድርጉት። የጋሉት ካንዴላዎች ያለ ጊዜው ያፈነዱታል፤ ፒስተን ይሰብራል፣ ሰውም ያቃጥላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ውሃ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ፖምፓን በእውነት የሚገድለው እሱ ነውና።

የእነዚህ ፖምፓዎች የውስጥ ክፍል የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ሳይሆን በሚያልፍበት ናፍታ ነው። ግፊት በሚፈጥሩት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። እዚያ ክፍተት ውስጥ ውሃ ሲገባ ማለስለሱ ይጠፋል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ መኪናው ቆሞ ሲያድር ደግሞ ይዝጋል። አንድ ጊዜ የተቧጨረ የፖምፓ ራስ በማጠብ አይመለስም፤ መቀየር አለበት።

ውሃው ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ታንኩ ራሱ ነው። ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያድር ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ማታ ሞልቶ ማሳደር የሚመከረው ለዚህ ነው፤ የነዳጅ ሰልፍ ባለበት ጊዜ ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላው ምንጭ በበርሜልና በጀሪካን የሚሸጥ ናፍታ ነው። ዝናብ ላይ የቆመ በርሜል፣ ውሃ የተቀዳበት ጀሪካን፣ ክዳን የሌለው ዕቃ ሁሉ ውሃ ያመጣል። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፤ በርሜሉ ሲንጠፈጠፍ የደረሳችሁ እንደሆነ ድርሻችሁ ውሃው ነው። ውሃና ናፍታ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያንም ይራባሉ፤ ጥቁር፣ ሙልጭልጭ ያለ ዝቃጭ ፊልትሮ ውስጥ ካገኛችሁ እሱ ነው፤ ታንኩ መታጠብ አለበት።

የፊልትሮው ግርጌ ላይ በእጅ የሚላላ ማፍሰሻ አለ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ከስሩ አድርጉ፣ ማፍሰሻውን አላሉና ከላይ የእጅ ፖምፓዋን ተጫኑ። የወጣውን ጠርሙስ በጸጥታ አስቀምጡትና ተመልከቱ። ውሃ ካለ ታች ለብቻው ተለይቶ ይታያል። ንጹሕ ናፍታ ብቻ እስኪወጣ አፍስሱ፣ ከዚያ አጥብቁ። ብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ፊልትሮው ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ ምልክት አለ፤ ግን በአሮጌ መኪና ላይ ሽቦው ተቆርጦ ወይም አምፖሉ ተቃጥሎ ስለሚገኝ አልበራም ብላችሁ አትመኑት። ነዳጃችሁን ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ይህን በየሳምንቱ ብታደርጉት አይበዛም። ፊልትሮውንም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ እላለሁ፤ አምራቹ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም እንኳ፣ የኛ ነዳጅ ከሚያልፍበት እጅ ብዛት አንጻር።

ከናፍታ ጋር ላምባ የሚቀላቅሉም አሉ። ሞተሩ ይሠራል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ላምባ ግን ከናፍታ ይቀጥናል፣ የማለስለስ አቅሙም ያነሰ ነው፤ ፖምፓውን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። በስህተት ቤንዚን ከተሞላ ደግሞ ቁልፉን ጭራሽ አትክፈቱ። ታንኩ ይፍሰስ፣ ይታጠብ።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ጥቁር ጭስ ጥቂት ልበል። ጥቁር ጭስ ናፍታው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ፖምፓ እዚህ ሲመጣ ናፍታው ያው ሆኖ አየሩ ይጎድላል። አፋር ቆላ ላይ ንጹሕ የነበረ መኪና ደጋ ሲወጣ የሚያጨሰው፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ደግሞ የሚብሰው ለዚህ ነው። አንዳንድ የቶዮታ ፖምፓዎች ከፍታውን እያዩ ናፍታ የሚቀንስ መሣሪያ አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን የላቸውም። ስለዚህ ጥቂት ጭስ በደጋ ብልሽት አይደለም። ሲበዛ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። ጉልበት እንዲጨምር ብሎ ፖምፓው ላይ ያለውን የናፍታ መጠን ብሎን የሚያዞር ሰው ግን አትፍቀዱለት። ፋብሪካው ያሸገው በምክንያት ነው፤ ትርፉ ጭስ፣ የናፍታ ብክነትና የጋለ ሞተር ነው።

ሚኒሞ ላይ የሚያንቀጠቅጥና ከአንዱ ሲሊንደር የሚያጓድል ሞተር ከሆነስ? ሞተሩ እየሠራ የየኖዝሉን የብረት ቱቦ ብሎን በተራ ትንሽ አላልቶ መስማት ነው።

(ድምፅ፦ የናፍታ ሞተር ሚኒሞ ላይ፤ ድምፁ በድንገት ይወርዳል፣ ተመልሶ ይስተካከላል)

ሰማችሁ? አንዱ ብሎን ሲላላ ያ ሲሊንደር ሥራ አቆመ፣ ሞተሩም ወረደ። እንዲህ ከሆነ ያ ኖዝል ይሠራል። አላልታችሁት ድምፁ ምንም ካልተለወጠ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር፤ ኖዝሉ ለፍተሻ ይውጣ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያዬን በደንብ ስሙኝ። ብሎኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፣ መነጽር አድርጉ፣ የሚረጭ ናፍታ ፊት ጣት አታስገቡ። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ መስሎ ባያምም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ዘግይተው የሄዱ ጣታቸውን አጥተዋል። ይህን ዘዴ ኮመን ሬል ባላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አትሞክሩት፤ የእነሱ ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጥፋቱ በእርግጥ የፖምፓው የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያረጀ ፖምፓ የሚታወቅበት አንድ ጠባይ አለው፦ ጠዋት በብርድ በደንብ ይነሳል፣ ሲግል ጠፍቶ እንደገና አልነሳ ይላል። ናፍታው ሲግል ይቀጥናል፤ ያረጁት ክፍሎች መካከል እያመለጠ ግፊት ያጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፖምፓው ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ አድርጉበት። ከቀዘቀዘ በኋላ ወዲያው ከተነሳ የፖምፓው ራስ አርጅቷል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን በጋለ ፖምፓ ላይ አታፍሱ።

ፖምፓና ኖዝል የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ቆማችሁ ለማየት ጠይቁ። ኖዝሉ መፈተሻው ላይ ሲጫን በስንት ባር እንደሚከፈት ንባቡን ያሳያችሁ፤ ናፍታው እንደ ጉም ተበትኖ ይውጣ፣ ሲቆም ጫፉ ላይ ጠብታ አይቅር። ሁሉም ኖዝሎች ተቀራራቢ ግፊት ላይ ይከፈቱ። ፖምፓው በመፈተሻ ማሽን ላይ ለየሲሊንደሩ የሰጠውን መጠን በወረቀት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁና ወረቀቱን አስቀምጡት። ኖዝሎቹ ሲመለሱ ከስራቸው ያሉት ሮንዴላዎች ሁሉ አዲስ ይሁኑ፤ አንዴ የተጨመቀ የመዳብ ሮንዴላ ሁለተኛ አይዘጋም፣ የሞተሩ ጋዝ በጎኑ ያመልጣል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በየመጋጠሚያው ደረቅ ወረቀት አስጠግታችሁ እርጥበት እንዳለ እዩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላም አንድ ጊዜ ድገሙት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ማሞቂያ ካንዴላዎችና ስለ ሪሌያቸው በሰፊው እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)